የውጭ አገር ነጻ የትምህርት ዕድል፦ ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ክቡራን ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንኳን ለአዲሱ የትምህርት ዓመት በሰላም አደረሳችሁ። ይህ ደብዳቤ ልጆቻችሁ በውጭ አገር ስኮላርሺፕ አግኝተው እንዲማሩ ለምታስቡ ሁሉ የተጻፈ ነው። ፍለጋው ብዙ ጊዜ ለተማሪው ብቻ ይተዋል፤ ፎርሙን እሱ ይሞላል፣ ድርሰቱን እሱ ይጽፋል፣ ቤተሰብ መልሱን ይጠብቃል። ጎበዝ ልጆችን ከዕድሉ የሚያስቀሩት ነገሮች ግን አብዛኞቹ በወላጅ እጅ ያሉ ናቸው፦ የልደት ቀን፣ የስም አጻጻፍ፣ የገቢ ማስረጃ፣ በጊዜ ያልተፈረመ ወረቀት።

በመጀመሪያ ስለ ጊዜው። «ማትሪክ ይለፍና እንጀምራለን» የሚለው ሐሳብ አንድ ሙሉ ዓመት ያስከፍላል። የአሜሪካ ኮሌጆች ተማሪውን የሚመርጡት ከ9ኛ እስከ 11ኛ ክፍል ባለው ትራንስክሪፕትና በ12ኛ ክፍል አጋማሽ ውጤት ነው። በብዙዎቹ ቀደም ብሎ ማመልከት ለሚፈልግ የመጨረሻው ቀን ጥቅምት 22 (ኖቬምበር 1) አካባቢ፣ መደበኛው ደግሞ ታኅሣሥ 23 (ጃንዋሪ 1) አካባቢ ነው። መልሱም ልጁ ማትሪክ ከመቀመጡ በፊት ይደርሳል። የቱርክ መንግሥት የሚሰጠው ቱርኪዬ ቡርስላሪ ማመልከቻ የሚቀበለው ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 (ከጃንዋሪ 10 እስከ ፌብሩዋሪ 20) ነው። የሃንጋሪው ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩምም በጥር መጀመሪያ ሳምንት ገደማ ይዘጋል። ስለዚህ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ወረቀቱ ሁሉ ከታኅሣሥ 23 በፊት፣ ቀደም ብሎ ለሚያመለክት ደግሞ ከጥቅምት 22 በፊት ተሟልቶ ማለቅ አለበት። የ11ኛ ክፍል ወላጆች ደግሞ ይህን ዓመት እንደ ትርፍ ጊዜ አትዩት፤ ዋናው ሥራ የሚሠራው አሁን ነው።

የሰዓት ነገርም አለ። «11፡59» ተብሎ የሚጻፈው የመዝጊያ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 5፡59 ነው። ማለዳ 11 ሰዓት የመሰላቸው ተማሪዎች ፎርሙ ተዘግቶ አግኝተውታል። እኛ ለተማሪዎቻችን የምንሰጠው ቀን ሁልጊዜ ከእውነተኛው አምስት ቀን የቀደመ ነው፤ መብራትና ኢንተርኔት በዚያች ሌሊት እንዳሉ ማንም ማረጋገጫ ሊሰጥ አይችልምና።

አሁን ወደ ስምና ወደ ልደት ቀን። ዮሐንስ ወይም ፀሐይ የሚሉት ስሞች በላቲን ፊደል በሦስትና በአራት መንገድ ይጻፋሉ። በልደት ሰርተፍኬቱ አንድ ዓይነት፣ በፋይዳ ሌላ፣ በትራንስክሪፕቱ ሦስተኛ ሆኖ ከተገኘ ኮሌጁ የሦስት ሰው ሰነድ የደረሰው ያህል ይቆጥረዋል፤ ማመልከቻው «ያልተሟላ» ተብሎ ይቀመጣል። መመሪያው አንድ ነው፦ ፓስፖርት ላይ ያለው አጻጻፍ ይገዛል። ፎርሞች «የቤተሰብ ስም» ብለው ሲጠይቁም ፓስፖርቱ በዚያ ቦታ ያስቀመጠውን ስም ብቻ ጻፉ፤ አንዱ ላይ የአባት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም አይሁን። ፓስፖርት የሌለው ልጅ ካለ አሁን ይጀመርለት። ትራንስክሪፕታችንን በዚያው አጻጻፍ የምናስተካክለው ቅጂው ለጽሕፈት ቤታችን ሲቀርብ ነው።

የልደት ቀን ስሕተት ከዚህ የከፋ ነው። ብዙ ሰው ዓመቱ ላይ 7 ወይም 8 ደምሮ ወሩንና ቀኑን እንዳለ ይተወዋል። ጥር 5 ቀን 2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 14 ቀን 2008 ነው የተወለደው፤ ጃንዋሪ 5 አይደለም፣ 2007ም አይደለም። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ድረስ 8 ዓመት ይሆናል። የኢትዮጵያውን ዓመት እንዳለ ያስገባ ደግሞ የ18 ዓመቱን ልጅ የ26 ዓመት ሰው ያደርገዋል። ቱርኪዬ ቡርስላሪ ለመጀመሪያ ዲግሪ ከ21 ዓመት በታች፣ የቻይና መንግሥት ስኮላርሺፕ ከ25 ዓመት በታች ስለሚጠይቁ እንዲህ ያለው ፎርም ሰው ሳያየው ይወድቃል።

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈውን ረጋ ብላችሁ እንድታነቡልኝ እለምናለሁ፤ የገንዘብ ጉዳይ ነው።

በአሜሪካ «ስኮላርሺፕ አገኘ» የሚለው ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም አይ ቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትማውዝ፣ ቦውዶይንና ብራውን የውጭ አገር ተማሪ ሲቀበሉ የመክፈል አቅሙን አያዩም፤ ከተቀበሉት በኋላም ቤተሰቡ የማይችለውን ሁሉ ይሸፍናሉ። ግን በጣም ጥቂት ሰው ነው የሚቀበሉት፤ ሃርቫርድ ከ100 አመልካች 4 ያህሉን ብቻ ነው። ሁለተኛዎቹ የተቀበሉትን ሙሉ በሙሉ የሚረዱ፣ ሲመርጡ ግን ምን ያህል ገንዘብ እንደሚጠይቅ የሚመለከቱ ናቸው። ሦስተኛዎቹ በውጤት ብቻ ከወጪው የተወሰነውን የሚቀንሱ ናቸው፤ ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው። የዓመት ወጪው 60,000 ዶላር የሆነ ኮሌጅ «የ25,000 ዶላር ሽልማት» ብሎ ሲጽፍ ደብዳቤው ያስደስታል። የቀረው 35,000 በአራት ዓመት 140,000 ዶላር መሆኑን ግን ደብዳቤው አይነግራችሁም። ማንኛውም የመቀበያ ደብዳቤ ሲመጣ ከመደሰታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ በየዓመቱ ከእኛ የሚፈለገው ስንት ነው?

የገቢ መግለጫውን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ። ብዙ ኮሌጆች ሲ ኤስ ኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን ቅጽ ይጠይቃሉ። ክፍያው ለመጀመሪያው ኮሌጅ 25 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ደግሞ 16 ዶላር ነው። ክፍያው የሚከብዳችሁ ከሆነ ተማሪው ለኮሌጁ ኢሜይል ጽፎ የነጻ መሙያ ኮድ ወይም በምትኩ ያለ ክፍያ የሚሞላውን ፎርም ይጠይቅ፤ ሲጠየቁ የሚሰጡ ብዙ ናቸው። ቅጹ በብር ነው የሚሞላው፤ ወደ ዶላር ራሱ ይቀይረዋል። እናንተ ቀይራችሁ ዶላሩን በብር ቦታ ካስገባችሁ ደመወዛችሁ ከሻይ ዋጋ በታች ሆኖ ይታያል። በዶላር ጻፉ የሚል ሌላ ፎርም ሲመጣ የዕለቱን የባንክ ምንዛሪና ቀኑን አብራችሁ አስፍሩ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት የተዘጋጀ ስሌት አሁን አያገለግልም።

በእኛ ዘንድ ሁለት ተቃራኒ ልማዶች አሉ። አንዱ ለቪዛ ሲባል የባንክ ሒሳብን በብድር ገንዘብ ማሳበጥ ነው። ችግርን አይቶ ለሚረዳ ኮሌጅ ይህ ወረቀት ልጁን «መክፈል ይችላሉ» ከሚባሉት ወገን ይጥለዋል። ሌላው እርዳታ ለማግኘት ሱቁን፣ የሚያከራዩትን ቤት ወይም መኪናውን መደበቅ ነው፤ ኮሌጆቹ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤንና የግብር ደረሰኝን ከባንክ እስቴትመንት ጋር ያስተያያሉ፤ አለመጣጣም ሲያዩም ማብራሪያ ሳይጠይቁ ሊያልፉት ይችላሉ። እውነቱን ጻፉ፣ ከዚያ እውነቱን አብራሩ። ዕቁብ ደርሷችሁ በአንድ ወር ብዙ ገንዘብ ከገባ፣ «ይህ የራሳችን ቁጠባ በተራ የደረሰን ነው፣ ገቢ አይደለም» ብላችሁ በማብራሪያው ቦታ አንድ መስመር ጨምሩ። አያት የምትጦሩ፣ የወንድም ልጅ የምታስተምሩ ከሆነም እዚያው ይጻፍ፤ አንድ አሜሪካዊ ባለሙያ ይህን ከደመወዝ ወረቀት ሊያውቅ አይችልም። ደመወዝተኛ ካልሆናችሁ የግብር ደረሰኝና የንግድ ፈቃድ፣ ጡረተኛ ከሆናችሁ የጡረታ ማስረጃ ይበቃል። ውጭ ያለ ዘመድ «እኔ እረዳለሁ» ካለ በቃሉ ብቻ አትጻፉት፤ የጻፋችሁት መጠን በየዓመቱ ከእሱ እንደሚመጣ ተቆጥሮ ከእርዳታው ይቀነሳል።

አንድ ከባድ ስሕተት ላክል። «መጀመሪያ እርዳታ አንፈልግም እንበልና ይግባ፣ በኋላ እንጠይቃለን» የሚል ምክር ይሰማል። ብዙ ኮሌጆች ሲያመለክት ያልጠየቀ የውጭ ተማሪ በአራቱም ዓመት እንዳይጠይቅ ይከለክላሉ። ልጃችሁ የአሜሪካ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ካለው ግን መንገዱ ሌላ ነው፤ ፋፍሳ የሚባለውን የመንግሥት ቅጽ ይሞላል፣ ለጽሕፈት ቤታችን ቀድማችሁ ንገሩን።

ፈተናን በተመለከተ፦ የአሜሪካ ኮሌጆች መግቢያ ፈተና የሆነው ኤስ ኤ ቲ አሁን በኮምፒውተር የሚሰጥ፣ 98 ጥያቄዎች ያሉት፣ 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ የሚወስድ ፈተና ነው። ሃርቫርድ፣ ኤም አይ ቲ፣ ዳርትማውዝና ብራውን ይጠይቁታል፤ አምኸርስትና ቦውዶይን አያስገድዱም። መለማመጃው በካን አካዳሚና ብሉቡክ በተባለው የፈተናው መተግበሪያ ላይ በነጻ አለ። ልጁ ሁለት ሙሉ የልምምድ ፈተና ሰዓት ይዞ ሳይሠራ ለአስጠኚ ገንዘብ ባትከፍሉ እመርጣለሁ። የእንግሊዝኛ ፈተናዎች፣ አይኤልትስም ቶፍልም፣ ውጤታቸው የሚያገለግለው 2 ዓመት ብቻ ስለሆነ በ10ኛ ክፍል ማስፈተን ገንዘብ ማባከን ነው።

ከአሜሪካ ውጭ ያሉት ዕድሎች ለብዙ ተማሪዎቻችን የሚቀርቡ ይመስሉኛል። ቱርኪዬ ቡርስላሪ የትምህርት ክፍያን፣ ማደሪያን፣ የወር አበልን፣ የጤና መድንን፣ የአንድ ዓመት የቋንቋ ትምህርትንና የደርሶ መልስ ትኬትን ይሸፍናል። ለማመልከት አንዲት ሳንቲም አይጠየቅም። ዝቅተኛው ውጤት ለመጀመሪያ ዲግሪ 70 በመቶ ነው፤ ለሕክምና፣ ለጥርስ ሕክምናና ለፋርማሲ ግን 90 በመቶ ስለሆነ በ82 አማካይ ሕክምናን ብቻ የመረጠ ልጅ ምርጫውን አባከነ ማለት ነው። የቻይናው ለመጀመሪያ ዲግሪ በወር 2,500 ዩዋን ይሰጣል። በሃንጋሪው ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኦንላይን ሞልቶ መቀመጡ ነው፤ አመልካቹ በላኪው አገር በኩልም መታጨት አለበት፣ በእኛ በኩል ይህ የትምህርት ሚኒስቴር ሥራ ነው። አበሉም በወር 43,700 ፎሪንት ስለሆነ ብቻውን አያኖርም፣ የአውሮፕላን ትኬትም የለበትም።

የካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሌስተር ፒርሰን ስኮላርሺፕ አራቱን ዓመት ሙሉ ይሸፍናል፤ ከአንድ ትምህርት ቤት የሚታጨው ግን አንድ ተማሪ ብቻ ነው፣ ጥቆማውም የትምህርት ዓመቱ እንደተከፈተ በሳምንታት ውስጥ ያበቃል። ዕጩውን የሚመርጠው የመምህራን ኮሚቴ ነው። እባካችሁ በዚህ ጉዳይ ወደ ቢሮዬ አማላጅ አትላኩ።

ስለ ሁለተኛ ዲግሪ በአጭሩ። ብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያ ዲግሪ በውጭ ካልተገኘ በሩ የተዘጋ ይመስለዋል። በእኔ ግምት እዚሁ በጥሩ ውጤት ተመርቆ ለማስተርስ ማመልከት ሰፊው መንገድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ኢራስመስ ሙንዱስ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል። የእንግሊዙ ቺቭኒንግ የ2 ዓመት ማለትም የ2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ተመራቂውም ወደ አገሩ ተመልሶ ሁለት ዓመት መቆየት አለበት። የጀርመኑ የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት ዳድ ለልማት ነክ ትምህርቶች የ2 ዓመት ልምድ ይፈልጋል። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ግን ለኢትዮጵያውያን አይደለም፣ አገራችን የማኅበሩ አባል አይደለችምና፤ ታላላቅ ልጆቻችሁ በዚያ ጊዜ እንዳያጠፉ ንገሯቸው።

«ሙሉ» የተባለው ስኮላርሺፕም የማይከፍላቸው ነገሮች አሉ። ለአሜሪካ የቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላርና የሴቪስ (የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ) ክፍያ 350 ዶላር ብዙውን ጊዜ ከቤተሰብ ይወጣሉ፤ ትኬቱም እንደ ኮሌጁ ነው። ለዚህ ከአሁኑ አስቀምጡ። ለደላላ የሚሆን ገንዘብ ግን አታስቀምጡ። «መቶ በመቶ አስገባለሁ» ብሎ ቅድሚያ የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ማንም ከፋይ የሚያገኘውን የመቀበያ ደብዳቤ ነው። በእሱ ኢሜይል የተከፈተ ማመልከቻም ከእናንተ እጅ የወጣ ነው፤ መልሱ ሲመጣ የሚያየው እሱ ነው። ኢሜይሉ የልጁ፣ የይለፍ ቃሉም ቤት ውስጥ የተጻፈ ይሁን።

ከትምህርት ቤቱ የምትጠብቁት ይህ ነው። ትራንስክሪፕት በተጠየቀ በ7 የሥራ ቀን ይደርሳል። ልጁ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ ከሆነ የዚያን ጊዜ ውጤት ማህተም ያለበትን ዋናውን እናንተ ታመጣላችሁ። መምህራን የድጋፍ ደብዳቤ ለመጻፍ 4 ሳምንት ያስፈልጋቸዋል፤ ደብዳቤውን ራሳቸው ይልካሉ፣ ለወላጅ አይሰጡም። ውጤት ከፍ እንድናደርግ የሚቀርብ ጥያቄ አንቀበልም። ኮሌጆች በሰኔ የመጨረሻውን ትራንስክሪፕት አስመጥተው ከመጀመሪያው ጋር ስለሚያስተያዩ ልዩነት የተገኘበት ልጅ ቦታውን ያጣል፤ ከእሱ በኋላ ከዚህ ትምህርት ቤት የሚያመለክቱትም ይጠረጠራሉ። ድርሰቱንም ልጁ ራሱ ይጻፍ። ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች በጋራ የሚጠቀሙበት የማመልከቻ ቅጽ፣ ኮመን አፕ፣ የሚጠይቀው ከ250 እስከ 650 ቃላት ነው፤ የ17 ዓመት ልጅ ያልጻፈው ሲሆን አንባቢው ይለየዋል።

የመስከረም የመጨረሻው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት በአዳራሻችን እንገናኝ። የልጁን የልደት ሰርተፍኬት፣ ፓስፖርት ወይም የፋይዳ መታወቂያ፣ የሁለታችሁንም የገቢ ማስረጃ ይዛችሁ ኑ፤ ስሙንና ቀኑን እዚያው ፊደል በፊደል እናመሳክራለን። በሥራ ምክንያት የማትችሉ በቀጣዩ ሰኞ ከ10፡00 ሰዓት በኋላ ጽሕፈት ቤታችን ይጠብቃችኋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር