ነብሩ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው

ይድረስ ለሚጢዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከረምሽልኝ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እናቴ ደብዳቤ ስታጽፈኝ እንዲህ ነበር የምታስጀምረኝ። ስድስት ዓመት ዝም ላለ ሰው ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለም። "ሥራ በዝቶብኝ ነው" አልልሽም፤ ቴሌግራም ላይ ኦንላይን ስታዪኝ ነው የከረምሽው።

እውነቱን ላውጣው። መጽሐፍሽ እኔ ጋ ናት። ያቺ ለገሃር ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች የገዛሻት፣ ጀርባዋ በፕላስተር የተለጠፈው፣ "ዘ ሂችሃይከርስ ጋይድ ቱ ዘ ጋላክሲ" የተባለችው አስቂኝ የጠፈር ልብ ወለድ። "ሳትሄጂ እመልሳለሁ" ብዬ ወሰድኳት። አንቺ ሄድሽ፣ እሷ ቁም ሳጥን አናት ላይ ቀረች። መጀመሪያ መጽሐፏን ስላልመለስኩ አፍሬ ሳልጽፍ ቀረሁ። ቀጥሎ ስላልጻፍኩ አፍሬ ሳልጽፍ ቀረሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ ስድስት ዓመት።

ባለፈው ቅዳሜ አቧራዋን አራግፌ እንደገና አነበብኳት። የምጽፍልሽም በሷ ሰበብ ነው።

ዶርም ትዝ ይልሻል? ስድስት ኪሎ፣ መብራት ሲጠፋ፣ አንቺ ላይኛው አልጋ ላይ ሆነሽ በስልክሽ ባትሪ እያነበብሽ፣ እዚያው ወደ አማርኛ ትመልሺልን ነበር። ቮጎኖቹን፣ እነዚያን ከጠፈር የሚመጡ ቢሮክራቶች፣ "እነ ጋሼ ቮጎን" ትያቸው ነበር። "እንግዲህ ምን እናድርግ፣ መመሪያ ነው" ይሉ ነበር በአንቺ ድምፅ። ያኔ የሳቅኩት በአንቺ እንጂ በመጽሐፉ እንዳልነበር አሁን ነው የገባኝ።

መጽሐፉ ላይ አርተር የሚባለው ሰውዬ ሐሙስ ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሳ ቡልዶዘር ደጁ ቆሟል። ቤቱ ሊፈርስ ነው፣ አቋራጭ መንገድ ሊያልፍበት። በቢጃማ ወጥቶ ጭቃው ላይ ይተኛል። የመንግሥት ሠራተኛው ደግሞ "ዕቅዱ እኮ ዘጠኝ ወር ሙሉ ለሕዝብ ክፍት ነበር" ይለዋል። የት? ምድር ቤት። መብራት የለም፣ ደረጃም የለም። ማንም የማይጠቀምበት ሽንት ቤት ውስጥ፣ በተቆለፈ የፋይል ሳጥን፣ መጨረሻው መሳቢያ። በሩ ላይ "ነብር አለ፣ ተጠንቀቁ" ይላል።

ይሄን ሳነብ ደራሲው ዳግላስ አዳምስ ነገሩን ከየት አመጣው ብዬ ትንሽ ቆፈርኩ። ታሪኩ መጀመሪያ መጽሐፍ አልነበረም፤ በፈረንጅ መጋቢት 1978 በቢቢሲ ሬዲዮ 4 የተላለፈ ድራማ ነው። በ1979 መጽሐፍ ሆነ። በዚያ ዘመን እንግሊዝ አውራ ጎዳና በየቦታው ትዘረጋ ነበር። ሕዝቡ "አስተያየት ስጡ" ተብሎ ይሰበሰባል፤ ብዙው ሰው ግን ነገሩ አስቀድሞ ያለቀ ነው ብሎ ያምን ነበር። በ1976 ዊንቸስተር ላይ የተጠራው ስብሰባ በጩኸት ተበጥብጧል። ስለዚህ ሽንት ቤት ያለው ፋይል ከሰማይ የወረደ ቀልድ አይደለም። መጽሐፉ የወጣበት ጥቅምት በእኛ 1972 ነው። እናቴ ያኔ ቀበሌ ሱቅ ስኳር ተሰልፋ ይሆናል። እሷም "ዛሬ አልቋል፣ ነገ ተመለሱ" የሚል ወረቀት ሳታነብ አልቀረችም።

ቀጥሎ ነው እንግዶቹ የሚመጡት። እነ ጋሼ ቮጎን መርከባቸውን ሰማይ ላይ ደርድረው መሬትን ሊያፈርሷት ነው፤ ለነሱም አቋራጭ መንገድ ያስፈልጋል። ሰው ሁሉ ሲጮህ "ዕቅዱ አልፋ ሴንታውሪ ባለው ቢሯችን ሃምሳ ዓመት ተለጥፎ ነበር፣ ለምን ቅሬታ አላቀረባችሁም?" ይላሉ። አስቢው እስቲ። አልፋ ሴንታውሪ ከእኛ ከአራት የብርሃን ዓመት በላይ ይርቃል። ቮያጀር የምትባለው የጠፈር መንኮራኩር በምትበርበት ፍጥነት ከ70 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጃል። ቅሬታ ለማስገባት ማለት ነው! መልሱን ለመስማት መመለሻው ሌላ ነው።

እኔን የገረመኝ ቮጎኖቹ ክፉ አለመሆናቸው ነው። ከሰማይ የሚመጣ ፍጡር በብዙ ሌላ ታሪክ ሊወርረን፣ ሊበላን ነው የሚመጣው። እነዚህ ፋይል ይዘው ነው የመጡት። መሬትን አይጠሏትም፤ ከነመፈጠሯም ጉዳያቸው አይደለችም። አያታቸውን አውሬ ሊበላት ቢል እንኳ ትእዛዙ በሦስት ኮፒ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ተልኮ፣ ተመልሶ፣ ጠፍቶ፣ ተገኝቶ ካልሆነ ከወንበራቸው አይነሱም። ባለ ሁለት ራሱ የጋላክሲው ፕሬዚዳንትም ጥሩ ነው፤ ሥራው ሥልጣን መያዝ ሳይሆን ሥልጣን ከያዘው ላይ የሰውን ዓይን ማንሳት ነው። ሰው ሁሉ ከዚህ መጽሐፍ የሚያነሳው ግን 42ን ነው። የሕይወትና የሁሉ ነገር መልስ ምንድን ነው ተብሎ የተጠየቀ ኮምፒውተር ሰባት ሚሊዮን ተኩል ዓመት አስቦ "42" አለ፣ ሰዉም ቲሸርት ላይ አሳተመው። እኔን አያስቀኝም። የእኛ ሲስተም ከዚያ በላይ ያስባል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሚጢዬ፣ ጋሼ ቮጎን ሆኛለሁ።

የምሠራበትን መሥሪያ ቤት ታውቂዋለሽ፣ ስሙን እዚህ አልጽፍም። ነባር ፋይል ያላቸው ሰዎች በ30 ቀን ውስጥ ቀርበው እንዲያድሱ የሚል ማስታወቂያ ወጣ። አርቅቄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። "ከላይ በተጠቀሰው ቀነ ገደብ የማይቀርብ ባለጉዳይ በራሱ ፈቃድ እንደተወው ይቆጠራል" የምትለዋ ዓረፍተ ነገር የእኔ ናት፤ ስጽፋት ኮርቼባታለሁ። የታችኛው ሰሌዳ መስታወቱ ስለተሰበረ አራተኛ ፎቅ ለጠፍኩት። ሊፍቱ ከተበላሸ ቆይቷል።

አርብ ዕለት አንዲት እናት መጡ። ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተዋል፣ ሰነዳቸውን በፌስታል ውስጥ ሌላ ፌስታል አድርገው ይዘዋል። ፌስታሉን መፍታት ብቻ ደቂቃ ወሰደባቸው። ቀኑን ቆጠርኩ፤ 34ኛው ቀን ነው።

"እማማ፣ ማስታወቂያ ወጥቶ ነበር እኮ" አልኳቸው።

"የት ልጄ?"

"አራተኛ ፎቅ።"

ደረጃውን ቀና ብለው አዩት። አልተቆጡም። "እኔ እንኳን አራተኛ ፎቅ ቤተ ክርስቲያኑንም በስንት መከራ ነው የምደርሰው። ማን እንዲያነበው ብላችሁ ነው?" አሉኝ፣ የምር ለማወቅ።

ምን ብል ጥሩ ነው? "ሲስተሙ ዘግቶታል እማማ።" ዘግቶታል አልኩ፣ እንደ ሰው! ፌስታላቸውን መልሰው ቋጠሩና "እግዜር ይስጥልኝ" ብለውኝ ወጡ። ምርቃቱ ነው ያንገበገበኝ።

በማግስቱ ነው መጽሐፏን ያወረድኳት። ነብሩ ጋ ስደርስ መሳቅ አቃተኝ። ሰኞ ጠዋት አራተኛ ፎቅ ወጥቼ ወረቀቱን ገንጥዬ በሩ ላይ፣ ጥበቃው አጠገብ ለጠፍኩት። ከሰዓት በፊት አለቃዬ ጠሩኝ። በማን ፈቃድ እንዳነሳሁት በጽሑፍ እንዳስረዳ አዘዙ። በስንት ኮፒ እንደሆነ አንቺው ገምቺ።

ሴትየዋን ፋይላቸው ላይ ባለው ስልክ ፈለግኳቸው፤ ቁጥሩ አገልግሎት አይሰጥም። የደረሰልኝ ጥበቃው ነው። "ጎረቤቴ ናቸው፣ ማታ እነግርልሻለሁ" አለኝ። ሐሙስ ጠዋት ይመጣሉ። ሲስተሙ እንዲከፈት ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ ገና አልተመለሰም። ቢሆንም ታች በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ።

መጽሐፍሽን የአክስቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር ወደዚያ ሲመጣ እልክልሻለሁ። በርበሬውና ሽሮው መሐል ነው የማደርጋት፣ ብትሸትሽ አትፍረጂብኝ። ቮጎኑ ግጥም የሚያነብበት ገጽ ላይ የፈሰሰው ሻይ የእኔ ነው። ጥርሷ የጠፋው ማበጠሪያ ግን ያንቺ ናት፤ ዕልባት አድርገሻት ነበር፣ እዚያው ትቻታለሁ።

የናፈቀችሽ፣
ታችኛው አልጋ