ለክረምቱ እረፍት አንድ ነጭ አንሶላ ይበቃል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይህን የምጽፈው ልጆች በክረምት እረፍታቸው የት ቢሄዱ ጥሩ እንደሆነ ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ነው። ባሌ፣ ሰሜን ተራሮች፣ አዋሽ ብላችኋል። ጥሩ ብላችኋል፤ የባሌው ሳነቴ አምባ ላይ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ስታድን ያየ ልጅ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ግን ስንቱ ወላጅ ነው መኪና ተከራይቶ፣ የአልጋ ከፍሎ፣ ልጆቹን እዚያ ድረስ የሚያደርሰው? የቀረነውስ? አራዊት ማየት ከአዲስ አበባ ሲወጣ ብቻ የሚጀመር ነገር ተደርጎ ሲጻፍ ቅር ይለኛል። ከግቢ በር ሳይወጡ የሚታይ አለ። እኔና ልጆቼ ኮተቤ ባለው ግቢያችን፣ በአንድ አንሶላና በአንድ አምፖል፣ የእሳት እራት እያየን ስናመሽ ይኸው ሦስተኛ ክረምታችን ነው።

አዎ፣ የእሳት እራት። ማታ አምፖሉን የሚዞረው፣ በመጥረጊያ የምናባርረው፣ ጠዋት በረንዳ ላይ ወድቆ የምናገኘው።

እስቲ ስሙን ልብ በሉት። ምሳ፣ እራት እንደምንለው ነው። እሳት የሚበላው ማለት ነው። ስም ያወጣንለት በአሟሟቱ ነው፣ እንዴት እንደሚኖር የጠየቀ የለም። በዓለም ላይ እስካሁን የታወቁት የቢራቢሮ ዝርያዎች 18,000 ገደማ ናቸው፣ የእሳት እራት ግን 160,000 ገደማ። ቢራቢሮን ልጆቻችን ገና መዋለ ሕፃናት ሳሉ ይስሏታል። ከዘመዶቿ ከአሥሩ ዘጠኙን ግን ቀርቦ ያያቸው ሰው ጥቂት ነው።

የኛ ነገር የተጀመረው እንዲህ ነው። ሰኔ ውስጥ፣ ቀን ዘንቦ ያባራበት፣ ሞቅ ያለ ማታ ነበር። ባለቤቴ ያጠበችው አንሶላ አልደርቅ ብሏት በረንዳ ላይ አስጥታዋለች። መብራት ሄዶ ቆይቶ ሁለት ሰዓት ገደማ መጣ። ትንሿ ልጄ ወጥታ "አባዬ ና፣ አንሶላው ላይ ቅጠል ተለጥፏል!" ብላ ጠራችኝ። ቅጠል አልነበረም። የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል የመሰለ፣ መሐል ለመሐል የቅጠል አጥንት የሚመስል መስመር ሳይቀር ያለው የእሳት እራት ነው። አጠገቡ ደግሞ ሁለቱ ጢሞቹ እንደ ላባ የተበጠሩ ሌላ። ከሱ ዝቅ ብሎ የጥፍሬን ግማሽ የማያክል፣ ነጭ፣ የክንፉ ጠርዝ ላይ ወርቃማ ክር ያለው። በዚያች ማታ አሥራ አራት ዓይነት ቆጠርን፣ እንዲያው ለመድረቅ በተሰጣ አንሶላ።

ከሁሉም የሚተልቀው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልጆቹ የፈራ መሰላቸው፣ እኔም መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳነብ ነው የገባኝ። ከመነሳቱ በፊት የደረቱን ጡንቻ እያሞቀ ነው፤ በብርድ ጠዋት መኪና አስነስቶ ሞተሩን ማሞቅ ማለት ነው። አንድ ደቂቃ ያህል ተንቀጠቀጠ፣ ተንቀጠቀጠና ብድግ ብሎ ጆሮዬ ሥር ነፋስ እያጠፋ አለፈ። ልጄ እስከ አራት ሰዓት አልተኛችም።

እንዴት እንደሚደረግ ልንገራችሁ፣ ለማንም አይከብድም። ነጭ አንሶላ ገመድ ላይ ታሰጣላችሁ፣ ጫፉን መሬት ላይ ትዘረጋላችሁ። ፊት ለፊቱ መብራት ታንጠለጥላላችሁ። ቢጫ ብርሃን ብዙም አይጠራቸውም። ነጩ ይሻላል። ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ ወደ ሐምራዊ የሚያደላው ነው። ሱቅ ውስጥ የሐሰት ብር የሚፈተሽባትን ትንሽ መብራት ታውቋት የለ? እሷ ተአምር ትሠራለች፤ ብቻ ልጆች ትክ ብለው እንዳያዩባት፣ ለዓይን ጥሩ አይደለችም። ኤሌክትሪኩንም ዝናብ እንዳይነካው አደራ፣ እኛ በባትሪ የሚሠራውን ነው የምንጠቀመው። ጨረቃ የሌለችበት፣ ደመና የሸፈነው፣ ነፋስ የማይነፍስበት ማታ ምረጡ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን አንሶላው ባዶ ሊያድር ይችላል። የመጀመሪያው ዝናብ ሰሞን አሸኑም አብሮ ይመጣና ሁሉን ይሸፍነዋል፤ "እንደ አሸን ፈላ" ሲባል የምንሰማውን ያን ጊዜ ነው በዓይን የምታዩት። ጥቂት ታገሱት፣ ያልፋል።

ማምሸት ለማይችል ሰው ወጥመድ አለ። ትልቅ ባልዲ ውስጥ የእንቁላል ካርቶን ትደረድራላችሁ። አፉ ላይ አናቱ ሰፋ ተደርጎ የተቆረጠ ሃይላንድ ገልብጣችሁ ትገጥማላችሁ፣ ከላይ መብራቱ ይሆናል። የገባው ሁሉ ካርቶኑ ጉድጓድ ውስጥ ተሸጉጦ ያድራል። ጠዋት ካርቶኑን ቀስ ብሎ ማንሳት፣ ማየት፣ በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ ከዚያ ቁጥቋጦ ሥር መልቀቅ ነው። አይገደልም። መብራት ከሌለም ያለፈ ሙዝ በስኳርና በቢራ አሽታችሁ ሲመሽ የዛፍ ግንድ ላይ ቀቡት፤ ባትሪ ይዛችሁ ብትመለሱ ተሰልፈው ሲጠጡ ታገኟቸዋላችሁ።

አንድ ነገር ግን ላስተካክል። ብርሃን ወዶ ነው የሚመጣው ይባላል። ወዶ አይደለም። የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች ያሉበት አንድ ቡድን በፈጣን ካሜራ እየቀረጸ ያጠናው ጥናት በ2024 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ያገኙት ይህ ነው፦ እነዚህ ነፍሳት ሲበርሩ ጀርባቸውን ወደ ብርሃን ያዞራሉ። ስንት ሚሊዮን ዓመት ሙሉ በሌሊት ከምድሩ ይልቅ ፈካ የሚለው ሰማዩ ነበር። ጀርባውን ለሰማይ የሰጠ ሆዱ ወደ ምድር ነው፣ ቀጥ ብሎ ይበርራል። አምፖል ሲመጣ ግን ላይና ታቹ ጠፋበት። ለአምፖሉ ጀርባውን ለመስጠት ሲል ይዞራል፣ ይገለበጣል፣ ይወድቃል። ራሱን ወደ እሳት የሚወረውር ሞኝ አድርገን የምንተርትበት ፍጥረት መንገድ የጠፋበት ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ነው እኛም ሁለት ሰዓት ያህል አይተን መብራቱን የምናጠፋው። እነሱም ሌሊቱን ሥራ አላቸው።

ሥራቸው ምንድን ነው ለሚል፣ አስተናግርን አስቡት። ነጭ ረጅም አበባው የሚፈካው ሲመሽ ነው፤ የሚጠብቀውም ምላሱ ረጅም የሆነውን የእሳት እራት ነው። ፓፓያም እንደዚሁ፣ የወንዱን ዱቄት ወደ ሴቷ ከሚያደርሱላት ዋነኞቹ እነዚህ ምሽት ላይ የሚበርሩት ናቸው። ጉሎ ቅጠል እየበላ ሐር የሚፈትለው ትል የእሳት እራት ልጅ ነው፤ የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ሲሠራበት ቆይቷል። ወፎች ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉበት አባጨጓሬም አብዛኛው የነሱ ነው። ደረቱ ላይ የሰው ራስ ቅል የሚመስል ምልክት ያለው ትልቅ የእሳት እራት ደግሞ አለ፤ የንብ ቀፎ ገብቶ ማር ይጠጣል፣ ሲይዙት ሲጥ ሲጥ ይላል። እኔ በዓይኔ አላየሁትም፣ ማየት እመኛለሁ። ቀፎው ውስጥ ያገኘው ንብ አናቢ ካለ እባካችሁ እዚሁ ገጽ ላይ ይጻፍልን።

ጋዜጣችሁን ስንት ዓመት አንብቤአለሁ። የእሳት እራት የሚነሳው ተምች ሲመጣ ብቻ ነው፣ ያውም ስሙ ሳይጠራ። በ2009 ዓ.ም. መጤው የአሜሪካ ተምች በቆሎአችን ላይ ሲወርድ በየቀኑ ተጻፈ። ከየት መጣ፣ እንዴት በአንድ ጊዜ ይህን ሁሉ አገር አዳረሰ ለሚለው ግን አብዛኛው አንባቢ መልሱን ያገኘ አይመስለኝም። ተምች በእግሩ አይደለም የመጣው። እናቱ የእሳት እራት ናት፣ በሌሊት ነፋስ ተሳፍራ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የሚቆጠር መንገድ ትጓዛለች። የግብርና ባለሙያዎች በቆሎ ማሳ ላይ የሚሰቅሉት ወጥመድ የሴቷን ጠረን የያዘ ነው፣ ወንዱ ጠረኑን ተከትሎ ይገባል፣ ይቆጠራል። ለነባሩ ተምች በምሥራቅ አፍሪካ የተሠራበት ዘዴ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል። ከመንደሩ አንድ ገበሬ በየጠዋቱ ወጥመድ ውስጥ የገቡትን ይቆጥራል፣ የዘነበውንም ዝናብ ይለካል፣ ሁለቱን አይቶ ጎረቤቶቹን "ሰሞኑን ማሳችሁን ፈትሹ" ይላል። እና ይህ የእሳት እራት መቁጠር የፈረንጅ ጨዋታ ነው ለሚሉኝ ጎረቤቶቼ መልሴ ይህ ነው። የኛ ገበሬ ይቆጥራል።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ቆጥረው ትልቅ ነገር አውቀዋል። እንግሊዝ ውስጥ ሮተምስቴድ የሚባል የእርሻ ምርምር ጣቢያ በየቦታው የመብራት ወጥመድ አስቀምጧል፤ አብዛኞቹን በየማታው የሚያበሯቸው በፈቃደኝነት የሚሠሩ ተራ ሰዎች ናቸው። ከዚያ መዝገብ ነው ከ1968 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ድረስ የትልልቆቹ የእሳት እራቶች ብዛት በአንድ ሦስተኛ ማሽቆልቆሉ የታወቀው። የኛስ? ካልቆጠርን ምን እንደሄደብን በምን እናውቃለን?

ለሽርሽር የምትሄዱም ብትሆኑ አንሶላውን ሻንጣችሁ ውስጥ ጣል አድርጉት። ባለፈው ዓመት ለሁለት ቀን ሀዋሳ ወርደን ነበር። ቀን አሞራ ገደል ሄድን። አባ ኮዳዎቹ ዓሣ የሚያጸዱት ልጆች እግር ሥር ቆመው ድርሻቸውን ይጠብቃሉ፣ ጉሬዛዎቹ ሐይቁ ዳር ዛፍ ላይ ናቸው። ይህን ሀዋሳ የሄደ ሁሉ ያየዋል። ማታ ግን ያረፍንበት ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከመብራቱ ሥር፣ የልጄን መዳፍ የሚሸፍን ቡናማ የእሳት እራት ተለጥፎ አገኘን። አራቱም ክንፎቹ ላይ ዓይን የሚመስል ክብ አለ። እጄን ልዘረጋ ስል የጥበቃው ልጅ "ጋሼ አይንኩት፣ ብናኙ ዓይን ያጠፋል" አለኝ። እኔም ልጅ ሳለሁ እንዲህ ሲባል ሰምቻለሁ። "ወንድሜ፣ ና እስቲ በስልኩ አጉልተን እንየው" አልኩት። ብናኝ የምንለው እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ተደራርቦ የተደረደረ ቅርፊት ነው፤ ያ ሁሉ ቀለም ያለው እሱ ላይ ነው። ስለ እንዲህ ዓይነቶቹ ትልልቆች ያነበብኩትንም ነገርኩት። የሚበላበት አፍ የለውም። አባጨጓሬ ሳለ የበላው ስንቁ ነው። ጥቂት ቀን ይኖራል፣ ይጋባል፣ ያልቃል። ልጁ ዝም ብሎ ብዙ አየው። "ታዲያ ይቺን ጥቂት ቀን ነው እኛ በመጥረጊያ የምንጨርስበት?" አለ።

ጠዋት ስንነሳ በረንዳው ሁሉ ተጠርጓል፣ ያቺ ጥግ ብቻ ሳትጠረግ ቀርታለች። ነጩ ፓውዛ ግን ሌሊቱን ሙሉ በርቶ ስላደረ ከሥሩ የወደቁት በእፍኝ የሚታፈሱ ነበሩ፣ ድንቢጦች ይለቅሟቸዋል። በሁለተኛው ማታ ሥራ አስኪያጁን ብንጠይቀው የአትክልቱን በኩል አጠፋልን። ጠይቁ ነው የምለው፣ የትም ስታርፉ ጠይቁ። መብራት ለመግቢያው ይብራ፣ ለጥበቃው ይብራ፣ ማንም ለማይሄድበት ሣር ግን ለምን ይነድዳል? ማጥፋት ካልተቻለም ቢጫ አምፖል ይደረግ። የራሳችን በረንዳም እንደዚሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ጋዜጣችሁ በየሳምንቱ ለዚህ ነገር ትንሽ ቦታ ይስጥልን። በሐምሌ አጋማሽ ገደማ በብዙ አገር ሰዎች መብራት አብርተው የእሳት እራት የሚቆጥሩበት ሳምንት አለ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ ነው። የኛ ሐምሌ ብርዱም ዝናቡም ይበረታል፤ ቢሆንም ቆላ ያለ ሰው ይችላል፣ አዲስ አበባም የሚያባራበት ማታ አይጠፋም። አንባቢዎች ያዩትን ፎቶ ይላኩላችሁ፣ የት እንዳዩትና መቼ እንዳዩት ጽፈው። ዝርያውን የሚያውቅ ባለሙያ ይመልስላቸው።

ሌላው የስሙ ነገር ነው። ልጄ ደብተር ይዛለች። እስካሁን ስልሳ ሦስት ዓይነት ስላበታለች። የእያንዳንዳቸውን የአማርኛ ስም ስትጠይቀኝ የሚሆን መልስ ስላጣሁ እሷው ታወጣላቸዋለች። ያ መጀመሪያ ያየችው "ቅጠሌ" ነው። ጢሙ የተበጠረው "አባ ላባ"፣ ትከሻው ላይ ነጭ ጣል ያደረገው "ባለጋቢው"። ጎጃምም ወሎም ሸዋም ያሉ አባቶችና እናቶች ለየዓይነቱ የሚጠሩበት ስም ካላቸው፣ በሌላም ቋንቋችን ቢሆን፣ እባካችሁ ጻፉልን። ደብተሩ ላይ ከሷ ስም ጎን ቦታ ትተንለታል።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከኮተቤ