እዚያ ጀርም ከየት ይመጣል?

ውድ ልጄ፣

ባለፈው ስንደዋወል «ጠፈር ላይ ብርድ የለ፣ አቧራ የለ፣ በሽታ ከየት ይመጣል?» ብለሽ የጠየቅሽኝ በስልክ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ ልጻፍልሽ ብዬ ነው።

ጠፈርተኞቹ ራሳቸው ይዘውት ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1968 የአሜሪካ ጠፈር መንኮራኩር የአፖሎ 7 አዛዥ ዋሊ ሺራ ገና በመጀመሪያው ቀን ጉንፋን ጀመረው። ክብደት በማይሰማበት ቦታ ንፍጥ ቁልቁል አይወርድም፤ እዚያው እንደታጨቀ ይቀራል። ወደ ምድር ሲመለሱም እሱና ጓደኞቹ «ጆሯችን ይጎዳል» ብለው የራስ ቁር አናደርግም አሉ። ከአፖሎ 14 ወዲህ ግን ከመነሳታቸው በፊት ከሰው ተለይተው ይቆያሉ።

ይህ የውጭውን ይከላከላል። ውስጥ ያለውስ? ፈተና ሲደርስ ከንፈርሽ ላይ የሚወጣው ምች ሄርፐስ የሚባል ቫይረስ ነው። አንዴ ከገባ ከሰውነት አይወጣም፤ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይተኛል፣ ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳትም እንዳይነሳ ይጠብቁታል። እነሱ ሲዳከሙ ብቅ ይላል። የጉድፍ ቫይረስም እንዲሁ ነው፤ ከስንት ዓመት በኋላ አልማዝ ባለጭራ ሆኖ ይነሳል። የጠፈርተኞች ምራቅና ሽንት ሲመረመር፣ በመንኮራኩር ለአጭር ጊዜ ከበረሩት 89 ሰዎች በ47ቱ፣ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ከቆዩት 23 ደግሞ በ14ቱ ላይ የዚሁ ቤተሰብ ቫይረሶች ነቅተው ተገኝተዋል። የታመሙት ግን ጥቂቶች ናቸው፤ እኔን የሚያሳስበኝም ቁጥሩ ሳይሆን ቆይታው በረዘመ ቁጥር መባባሱ ነው።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። ጭንቀቱ ኮርቲሶል የሚባለውን የጭንቀት ሆርሞን ከፍ ያደርጋል፣ ፀሐይ በቀን 16 ጊዜ እየወጣች እንቅልፍ ይዛባል፣ ጨረሩም አለ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1983 ስፔስላብ 1 በሚባል በመንኮራኩር በተጫነ ቤተ ሙከራ የተደረገውን ሙከራ ልብ በይልኝ። አውጉስቶ ኮጎሊ የሚባል ተመራማሪ የሰው ሊምፎሳይት (ቲ ሴልን የሚጨምሩ ነጭ የደም ሕዋሳት) ወደ ላይ ልኮ፣ ሕዋሳቱን የሚቀሰቅስ ንጥረ ነገር ተጨመረባቸው። የሰጡት ምላሽ ምድር ላይ ከቀሩት 3 በመቶ እንኳ አልሞላም። በዕቃ ውስጥ ያለ ሕዋስ አይፈራ፣ እንቅልፍ አያጣ! ስለዚህ ክብደት ማጣቱ በራሱ የሚያደርገው ነገር አለ ማለት ነው።

ደግሞ መከላከያው ጭራሽ ጠፋ እንዳትይ። አሜሪካዊው ጠፈርተኛ ስኮት ኬሊ በጣቢያው 340 ቀን በቆየበት ጉዞ እዚያው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ወስዶ ሰውነቱ እንደሚጠበቀው መልስ ሰጥቷል። እንዲያውም አንዳንዶቹን አለርጂ የሚመስል ሽፍታ ያስቸግራቸዋል፤ አንዱ ክፍል ሲደክም ሌላው ያለልክ ይነሳል።

ከጣቢያው የታመመ ሰው በሰዓታት ውስጥ ሊወርድ ይችላል፤ ማርስ ለመድረስ ግን ብዙ ወራት ይፈጃል። ለጉድፉና ለአልማዝ ባለጭራው ክትባት አለ፤ ለምቹም ሆነ ኤፕስታይን ባር ለሚባለው ዘመዱ እስካሁን የለም። ባዮሎጂ እማራለሁ ካልሽ እዚህ ላይ ገና ብዙ ሥራ አለልሽ።

እናትሽ