ይድረስ ለሎጊቱ፣ ከሐዋሳ

ይድረስ ለእህቴ ለሎጊቱ፣ ካለሽበት ሜሪላንድ።

እንዴት ነሽልኝ? ልጆቹስ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ማን ቀድሞ ጠፋ፣ ማን መደወል ነበረበት የሚለውን ክርክር ስትመጪ ቡና እየጠጣን እንጨርሰዋለን። ዛሬ ወሬ ስላለኝ ነው የምጽፍልሽ።

ወሬው የሴቶች ቅርጫት ኳስ ነው። አትሳቂ! እኔና አንቺ ስንጫወት ተመልካቾቻችን የስፖርት አስተማሪያችንና ጥላ ፍለጋ ዛፉ ሥር የተቀመጡ ልጆች ነበሩ። ማን እንዳሸነፈ እንኳ የሚጠይቀን አልነበረም። አሁን ግን የወንድሜ ልጅ፣ የ13 ዓመቷ፣ ስለ አሲስት (ለሚያስቆጥር ጓደኛ ማቀበል ማለት ነው) እና ከሩቅ ተወርውሮ ስለሚገኝ ሦስት ነጥብ ታስተምረኛለች። የዚህ ሁሉ ጦስ አንዲት ልጅ ናት፤ ኬትሊን ክላርክ የምትባል አሜሪካዊት ተጫዋች። እዚያ ማታ 1 ሰዓት የሚጀምር ጨዋታ እኛ ጋ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ስለዚህ የኛዋ ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ ስልኬን ነጥቃ ቁርጥራጭ ቪዲዮዎቹን ታያለች። ፓኬጄ እንዴት እንደሚያልቅ አትጠይቂኝ።

እኔም መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቁጥሮቹን ሳይ ግን አፌን ያዝኩ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ፤ መቼም ለምደሽዋል።) በ2023 መኸር ክላርክ ትማርበት የነበረው የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ስታዲየሙ መሃል ላይ የቅርጫት ኳስ ሜዳ አነጠፈ። ለወዳጅነት ጨዋታ ነው እንግዲህ። 55,646 ሰው መጣ። በቀጣዩ ዓመት ልጅቷ የዩኒቨርሲቲ ቆይታዋን በ3,951 ነጥብ ጨረሰች። ከ1970 ጀምሮ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከፍተኛው ዲቪዚዮን ማንም ያልደረሰበትን የፔት ማራቪችን 3,667 አለፈች ማለት ነው፤ የወንድ ሪከርድ! የዚያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ሴቶችን የፍጻሜ ጨዋታ በአማካይ 18.9 ሚሊዮን ሰው በቴሌቪዥን አየው። የወንዶቹን ፍጻሜ 14.8 ሚሊዮን። ሴቶቹ ሲበልጡ የመጀመሪያው ነው። ደግሞ እኮ በዚያ ጨዋታ ተሸንፋለች። ሳውዝ ካሮላይና 87 ለ 75 ነው የረታት።

ከዚያ ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ፣ ወደ ኢንዲያና ፊቨር ገባች። ክለቡ እሷ ከመምጣቷ በፊት በነበረው ዓመት በሜዳው በአማካይ 4,067 ተመልካች ነበረው። በ2024፣ በእሷ የመጀመሪያ ዓመት፣ 17,036 ሆነ። ሌሎቹ ክለቦች እሷ ስትመጣባቸው ጨዋታውን ወደ ትልልቅ አዳራሽ ያዛውሩ ጀመር። እዚያው አፍንጫሽ ሥር፣ ዋሽንግተን ውስጥ፣ በሴፕቴምበር 2024 20,711 ሰው ገብቶ የሊጉን ሪከርድ ሰብሯል። አንቺ የት ነበርሽ? ሥራ እንደምትይኝ አውቃለሁ፣ ግን እሺ ትኬቱንስ ገዝተሽ ለኔ ፎቶ ብታነሺልኝ ምን ነበር?

ደመወዟን ስሰማ ደግሞ ሳቅሁ። ለመጀመሪያው ዓመት 76,535 ዶላር። ለኛ ብዙ ነው፤ ያን ሁሉ ሰው ለምትሰበስብ ልጅ ግን ምንም አይደለም። ገንዘቡ ያለው ከጫማና ከማስታወቂያ ነው። ከሁሉ ደስ ያለኝ የአውሮፕላኑ ጉዳይ ነው። እስከ 2024 ድረስ እነዚያ ቁመተ ረጃጅም ሴቶች አብዛኛውን ጊዜ እንደማንኛውም መንገደኛ በመደበኛ በረራ ነበር የሚሄዱት። በዚያው ዓመት ሊጉ ለሁሉም ክለብ የተከራየ አውሮፕላን መደበ። ይሄ ላንቺ ይገባሻል፤ ወደ ሻሸመኔ ለጨዋታ ስንሄድ ሚኒባሱ ውስጥ ጉልበትሽ አገጭሽን ነክቶ ስትበሳጪ ትዝ ይለኛል።

ወንድሜ ታዲያ "ኮከብ ከወጣ ሌላው በራሱ ይስተካከላል" ይላል። እዚህ ላይ ነው የምንጣላው። ልጅቷ ከሰማይ አልወረደችም። ያደገችበት አዮዋ ማለት ከ1920 ጀምሮ ለሴት ተማሪዎች የክፍለ ሀገር ውድድር ያለው፣ የገበሬ ልጆች አዳራሽ ሲሞሉ የኖሩበት አገር ነው። በአንድ ቡድን ስድስት ሆነው ነበር የሚጫወቱት፤ ሦስቱ ያጠቃሉ፣ ሦስቱ ይከላከላሉ፣ የሜዳውን አጋማሽ መሻገር የለም። በ1968 ዴኒስ ሎንግ የምትባል ተማሪ በአንድ ጨዋታ 111 ነጥብ አስቆጥራለች። መቶ አሥራ አንድ! ያ አጨዋወት የቀረው በ1993 ነው። በ1972 ደግሞ በመላው አሜሪካ በትምህርት ቤት ሴትን ከወንድ ማበላለጥ የሚከለክለው ሕግ ወጣ። ክላርክ ስትወለድ ቀለበቱም፣ አሰልጣኙም፣ ቲፎዞውም ተዘጋጅቶ ነበር የጠበቃት።

ሌላም የሚከነክነኝ ነገር አለ። ሊጉን ለዓመታት ተሸክመው እዚህ ያደረሱት በአብዛኛው ጥቁር ሴቶች ናቸው። ኤጃ ዊልሰንን ውሰጂ። በስሟ የተሰየመ ጫማ ገበያ ላይ የወጣላት በ2025 ነው። ያኔ ሦስት ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብላ ነበር፤ በዚያው ዓመት አራተኛውን ጨመረች። ክላርክ ምን ታድርግ፣ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ግን ወሬው ሁሉ "እሷ መጥታ ስፖርቱን ፈጠረች" ሲሆን ደስ አይለኝም። ኤንጅል ሪስስ? በ2023 የዩኒቨርሲቲዎች ፍጻሜ የሪስ ቡድን ኤልኤስዩ (የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) የክላርክን ቡድን 102 ለ 85 ሲያሸንፍ ሪስ ባትኖር ኖሮ በሁለቱ ላይ የተነሳው ያ ሁሉ ጭቅጭቅ ከየት ይመጣ ነበር? ያለ ባላንጣ ኮከብ አይደምቅም።

በ2025 ደግሞ ክላርክ ተጎዳችና ከ44 ጨዋታ 13ቱን ብቻ ተጫወተች። እዚያው ጎረቤትሽ ባልቲሞር የነበረውን ጨዋታ እንደማትጫወት በታወቀ ጊዜ የትኬቱ ዋጋ ወዲያው ወረደ። በአንድ ሰው ጉልበት ላይ የቆመ ገበያ እንዲህ ነው። ክለቡ ግን ያለ እሷ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ሄደ። ይሄኛው ወሬ ነው እኔን የጣመኝ።

የኛን ደራርቱን አስቢያት። በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስትወስድ የበቆጂ ሴት ልጆች ማግስቱን መሮጫ አላጡም። መሬቱ አለ፣ አየሩ አለ፣ ፊሽካውን ይዞ የሚጠብቅ ስንታየሁ እሸቱ የሚባል አስተማሪም አለ። እነ ጥሩነሽ ከዚያ ወጡ። ቅርጫት ኳስ ግን በባዶ እግርና በዳገት አይሆንም። ቀለበት ይፈልጋል፣ ሰሌዳ ይፈልጋል፣ የሚነጥር ኳስ ይፈልጋል።

እኛ ሰፈር ያለውን ልንገርሽ። ሜዳው አለ። ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ ይይዙታል፤ ሴቶቹ የሚገቡት ወንዶቹ ሲደክማቸው ነው። አንደኛው ቀለበት ጎብጧል፣ መረብ የሚባል ነገር የለም። ቅዳሜ ከፍቅር ሐይቅ ስመለስ ቆሜ አየኋቸው። የኛዋ እንደ ክላርክ ከሩቅ ልትወረውር ከመስመሩ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች። ኳሱን በሁለት እጇ ከሆዷ ሥር ወደ ላይ ገፋችው። ቀለበቱ ጋ እንኳ አልደረሰም። ወንዶቹ ሳቁ። ጠጋ ብዬ ኳሱን አየሁት፦ 7 ቁጥር ነው፣ የወንዶቹ፤ ቆዳው ተልጦ ድንጋይ መስሏል። እነ ክላርክ የሚጫወቱት በ6 ቁጥር ነው። ዙሪያው 72 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ከወንዶቹ በሦስት ሴንቲሜትር ያህል ያነሰ፣ ቀለልም ያለ። ትንሽ ልዩነት ይመስላል፤ የ13 ዓመት ልጅ እጅ ላይ ግን ብዙ ነው። እንደ ጀግናዋ ወርውሪ እየተባለች ጀግናዋ የማትነካው ኳስ ይሰጣታል።

እሷ አክስቴ የክላርክን 22 ቁጥር ማሊያ ትላክልኝ እያለች ነው። አክስቴ የምትለው አንቺን ነው፤ በፎቶ ነው የምታውቅሽ። እኔ ግን ማሊያው ይቆይ ባይ ነኝ። ለጥምቀት ከመጣሽ ሁለት ባለ 6 ቁጥር ኳስ ያዢልን። አየሩን አስወጥተሽ ብታጣጥፊው ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም። ከወንዶቹ ጋር ስለ ሰዓቱ እኔ ተነጋግሬያለሁ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከ10 ሰዓት በኋላ ለሴቶቹ ይለቃሉ ብለውኛል፤ ቃላቸውን ካልጠበቁ አንቺ መጥተሽ በቁመትሽ ታስፈራሪያቸዋለሽ። መንፊያ ከጎረቤት አገኛለሁ። መርፌው ግን እዚህ ተፈልጎ የለም፤ ሁለት ሦስት ጨምሪበት።

እማዬ "ያቺ ቀጫጫ በላች ወይ?" ብላ ጠይቃሻለች። መልሱን ራስሽ ደውለሽ ንገሪያት።

ያንቺው፣
ከሐዋሳ