መኪናው ከመነሳቱ በፊት ቺፑን ለምን እናነባለን?

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

ውሻዎን ወይም ድመትዎን በመኪና ድንበር እንድናሻግርልዎ ሲጠይቁን፣ ከእንግዲህ የመነሻ ቀን የምንቆርጠው እንስሳውን በአካል አይተን፣ የክትባት ደብተሩንም አገላብጠን ነው። አንዳንድ ደንበኞቻችን «ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ልኬ የለም እንዴ? ምን ቀረ?» ብለውናል። ቅሬታቸው ይገባናል፤ ስለዚህ ምክንያቱን ልናስረዳ ወደድን።

ያስተማረችን አንዲት ቡናማ ውሻ ናት። ኬላው ላይ የእንስሳት ሐኪሙ ከቆዳ ሥር የተቀበረውን ትንሽ መለያ ቺፕ የሚያነበውን መሣሪያ በትከሻዎቿ መካከል ቀስ አድርጎ አንሸራተተ። መሣሪያው ጢጥ አለና 15 አሃዝ ያለው ቁጥር ወጣ፤ ከደብተሩ ጋር አንድ ነው። የክትባቱ ጊዜም አላለፈም። ሐኪሙ ግን ደብተሩን ወደ እኛ አዙሮ ጣቱን ሁለት ቀኖች ላይ አሳረፈ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የተሰጣት ማክሰኞ፣ ቺፑ የገባላት ሐሙስ። ያን ሁሉ መንገድ ይዘናት ተመለስን። ሁለቱንም ቀኖች ቀደም ብለን በፎቶ አይተናቸው ነበር፤ የትኛው እንደሚቀድም ግን ልብ አላልንም። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ባለቤቷንም ይቅርታ ጠይቀናል።

ቺፑ የእንስሳው መታወቂያ ነው። መታወቂያ ከመኖሩ በፊት የተወጋው መርፌ ለዚህኛው ውሻ ይሁን ለሌላ ማረጋገጫ የለም። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ እንዲህ ያለው ክትባት እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። በአንድ ቀን ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል፤ ብቻ ቺፑ ይቅደም። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ክትባት ሥራውን እስኪጀምር 21 ቀን መጠበቅ ግድ ነው። ቡችላው 12 ሳምንት ሳይሞላው የተሰጠ ክትባትም ዋጋ የለውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በማደሻው ነው። የቀድሞው ክትባት ጊዜው ሳያልፍ ከታደሰ መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ ቀን ካለፈ ግን አዲሱ መርፌ እንደ መጀመሪያ ተቆጥሮ 21ዱ ቀን እንደገና ይጀምራል። አንድ ቀን ብቻ ናት፣ ግን ጉዞውን በሦስት ሳምንት ትገፋዋለች።

ቺፑን ራሳችን የምናነበውም ያለ ምክንያት አይደለም። ኬላዎች የሚያነቡት በዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣውን፣ በ134.2 ኪሎኸርዝ የሚሠራውን ቺፕ ነው። አንዳንድ አሮጌ ቺፖች በሌላ ሞገድ ስለሚሠሩ፣ ባለቤቱ የራሱን ማንበቢያ ካልያዘ ኬላው ላይ እንደሌሉ ናቸው። ቆዳ ሥር ተንሸራትቶ ወደ ክንድ የወረደ ቺፕም አጋጥሞናል። እርሱን በትዕግሥት ፈልጎ ማግኘት የሚቻለው እዚህ እንጂ ከኋላ መኪና ተሰልፎ እየጠበቀ አይደለም።

ከአንዳንድ አገሮች ወደ አውሮፓ ኅብረት ለመግባት ክትባቱ በሰውነት ውስጥ በቂ መከላከያ መፍጠሩን የሚያሳይ የደም ምርመራም ይጠየቃል። ደሙ የሚቀዳው ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ነው፤ የመከላከያው መጠን በሚሊ ሊትር ከ0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት (የመለኪያ አሃድ) ማነስ የለበትም፤ ደሙ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮም ሦስት ወር ይጠበቃል። ከኅብረቱ ወጥተው ወደነዚህ አገሮች የሚሄዱ ከሆነ ግን ምርመራውን ሳይወጡ ያስደርጉና በእንስሳው ፓስፖርት ላይ ያስመዝግቡ። ሲመለሱ ያ ሦስት ወር ይቀርልዎታል። ይህን ቀድመን ሳንነግራቸው የሄዱ ደንበኞች ስላሉን ዛሬም ያሳዝነናል።

ውሻ ይዘው ወደ ፊንላንድ፣ አየርላንድ፣ ማልታ፣ ኖርዌይ ወይም ብሪታንያ የሚገቡ ከሆነ የኮሶ ትል መድኃኒት ከመግቢያው በፊት ከ24 እስከ 120 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በሐኪም መሰጠት አለበት። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከቤት ከምንነሳበት ሳይሆን ኬላውን ከምናልፍበት ነው። ወደ አሜሪካ ደግሞ ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስድስት ወር ያልሞላው ወይም ቺፕ የሌለው ውሻ በየብስም ቢሆን አይገባም።

መንገዱ አንዳንዴ ዙሪያ የሚሆንብዎትም በዚሁ ምክንያት ነው። ከኅብረቱ ውጭ የሚመጣ የቤት እንስሳ መግባት የሚችለው ለዚህ በተመደቡ ኬላዎች ብቻ ስለሆነ፣ በካርታ ላይ አጭሩ መንገድ ሁልጊዜ አያሳልፍም። በመሐል የምናቋርጠው አገርም የራሱ ደንብ አለው።

የሚያስጨንቀን ግን ከወረቀቱ ይልቅ ሙቀቱ ነው። ውጭው 22 ዲግሪ በሆነበት ቀን እንኳ ፀሐይ ላይ የቆመ ዝግ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ውሻ ሰውነቱን በዋናነት የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው፤ የሚስበው አየር ራሱ ከጋለ ማለክለኩ አያድነውም። ስለዚህ ኬላ ላይ ሰልፉ የቱንም ያህል ቢረዝም፣ አንዱ ሰነድ ይዞ ሲወርድ ሌላው ሠራተኛችን ከእንስሳው ጋር ይቀራል። ማደንዘዣ ወይም ማረጋጊያ ወስዶ የመጣ እንስሳም ሐኪሙ ስለ ጉዞው አውቆ ካልጻፈለት አንጭንም፤ መድኃኒቱ ሚዛኑንም አተነፋፈሱንም ሊያዛባ ይችላል። ድመት ከሆነች ተቆጣጣሪው ሳጥኑን ክፈቱ ቢል በሩ የተዘጋ ክፍል እንዲሰጠን እንጠይቃለን። የደነገጠች ድመት ለመሾለክ አንድ ስንዝር ክፍተት ይበቃታል።

ቡናማዋ ውሻ እንደገና ተከትባ በ23ኛው ቀን በዚያው ኬላ አለፈች።

ስለዚህ ጉዞ ሲያስቡ ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት፣ የደም ምርመራ የሚያስፈልግ ከሆነ ደግሞ ከአምስት ወር በፊት እንስሳውንና ዋናውን ደብተር ይዘው ይምጡ። ቅጂ አይበቃም። ከኅብረቱ ውጭ ከሆነ መነሻዎ፣ የጤና ምስክር ወረቀቱን እስከዚያ አያሠሩ፤ ኬላው የሚቀበለው ከመድረሳችን በፊት ባሉት 10 ቀናት ውስጥ የተሰጠውን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤቶችና ሾፌሮች