እስከ ጥምቀት ብር እንዳትልኪ

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአባትሽ ግፊት ወርዷል። ጨው ደብቄበታለሁ።

በስልክ መናገር ሰልችቶኝ ነው የምጽፍልሽ። ቁም ነገር ስጀምር «እማዬ ኔትወርኩ እየቆራረጠ ነው» ትያለሽ። ወረቀት አይቆራረጥም፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

የአክስትሽ ልጅ ለተዝካሩ መጥቶ ነበር። ቡና አፍልቼ አስቀመጥኩት። አቦሉ ላይ «ደህና ናት» አለኝ። ቶናው ላይ «ትንሽ ከስታለች» አለ። በረካው ላይ ሁሉንም ዘረገፈው። ምሳሽ ሁለት ፓስቲና ሻይ መሆኑን፣ ከቱሉ ዲምቱ ሜክሲኮ ለመድረስ ሳይነጋ እንደምትወጪ፣ ለአከራይሽ የሦስት ወር ኪራይ በእጅ ቆጥረሽ መስጠትሽን። እሱን እንዳትቆጪው። እኔ ነኝ ያስለፈለፍኩት።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሃል ነው በየወሩ 3 ሺህ ብር በቴሌብር የምትልኪልን። እስከ ጥምቀት አንድ ብር እንዳትልኪ። ሰምተሽኛል? የእስካሁኑን አልመልስልሽም፤ ቆርቆሮ ሆኗል። የጓዳው ጣሪያ ዘንድሮ አላፈሰሰም፤ እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ መርቄሻለሁ። ከዚህ በኋላ ግን በቃ።

አንቺ አካውንታንት ነሽ። ቀኑን ሙሉ የሰው ሒሳብ ስታስታርቂ ትውያለሽ። እኔም ገንዘብ ያዥ ሆኜ ነው ጡረታ የወጣሁት፤ በሒሳብ አታታልይኝም። ደሞዝሽ ተቆራርጦ እጅሽ የሚገባው 15 ሺህ ነው። ኪራይ 6 ሺህ። ታክሲ በቀን 100 ብር ብንል፣ ቅዳሜን ጨምሮ በ26 ቀን 2,600። ለኛ 3 ሺህ። የቀረሽ 3,400 ነው። ለሠላሳ ቀን ስታካፍዪው በቀን 113 ብር። ከዚያ ላይ መብራት አለ፣ ውሃ አለ፣ ሳሙና፣ የስልክ ካርድ፣ የሴት ነገር። እንጀራ አንዱን በ25 ብር ነው የምገዛው ብለሽኛል። ታዲያ ምን ትበያለሽ ልጄ? ፓስቲው አሁን ገባኝ።

ቤቱ ርካሽ ነው ብለሽ ነው ቱሉ ዲምቱ የገባሽው። አልፈርድብሽም፤ አዲስ አበባ አዲስ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ኪራዩን ነው። ግን ኪራይ ብቻውን ዋጋ አይደለም። የአክስትሽ ልጅ ሳሪስ አካባቢ በ8 ሺህ አንዲት ሰርቪስ ክፍል አይቻለሁ ይላል። ከዚያ ሜክሲኮ አንድ ታክሲ ነው፤ ደርሶ መልስ 40 ብር ብትይው በወር 1,040። ሲደመር 9,040። የአሁኑ ኪራይና ታክሲሽ ደግሞ 8,600። ልዩነቱ 440 ብር ነው። በ440 ብር ሌሊት ከመውጣት ትድኛለሽ። አምሽተሽ ስትወጪ ለራይድ የምትከፍይውን አልቆጠርኩትም፤ እሱን ብደምረው ሳሪስ ይረክሳል። የነገርኩሽን ቁጥር ራስሽ ደግመሽ ደምሪው፤ ታሪፉ በየጊዜው ስለሚቀያየር እኔ የያዝኩት ያረጀ ሊሆን ይችላል።

የቡታጋዙን ሲሊንደር አልጋሽ ሥር ነው የምታስቀምጪው አሉ። ዛሬውኑ አውጪው! ማታ ስትተኚ መዝጊያውን አጥብቂ፣ መስኮቱን ገርበብ አድርጊ። ከሰል ደግሞ ቤት ውስጥ አቀጣጥለሽ እንዳትተኚ። ይሄን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ወደ አከራይሽ ልምጣ። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም፣ አንድ ቀን ምስር ወጥ ሰጥታኛለች ብለሽኛል። ጥሩ። ምስር ወጥ ግን ውል አይደለም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ወጥቷል፣ ቁጥር 1320/2016። አባትሽ ከሬዲዮ ሰምቶ ደብተሩ ላይ ጽፎታል። አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መቀበል አይችልም። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፣ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት አያንስም። ኪራዩ በባንክ ወይም በስልክ ነው የሚከፈለው። ጭማሪውም አከራዩ በከፋው ቀን ሳይሆን መንግሥት በዓመት አንዴ በሚያስታውቀው ልክ ነው። አከራዮች ብዙዎቹ ውል የሚጠሉት የኪራይ ግብሩን ፈርተው ነው፤ አንቺን ጠልተው አይደለም። ስለዚህ አዋጁን ይዘሽ ደጇ ላይ እንዳትቆሚ። «እትዬ፣ መሥሪያ ቤቴ የአድራሻ ማስረጃ ጠይቆኛል» ብለሽ ጀምሪ። እምቢ ካለች ሳሪስ አለልሽ። እዚያ ስትገቢ ደግሞ ብር ከመስጠትሽ በፊት ውል። ለደላላውም ቤቱን በዓይንሽ ሳታዪ፣ ቧንቧውን ከፍተሽ ሳትሞክሪ ሳንቲም እንዳትሰጪ። ቆጣሪው የጋራ ነው ወይስ የግል ብለሽ ጠይቂ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የጥበቃውንና የጽዳቱን መዋጮ ማን ነው የሚከፍለው? ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ነው የሚመጣው? አራተኛ ፎቅስ ይወጣል?

ስለ ቆጣሪው አባትሽ ተናዷል። መብራቱን ከሴትዮዋ ጋር እኩል ትካፈያለሽ አሉ። እሷ ፍሪጅ አላት፣ ቴሌቪዥን አላት፣ ምጣድ አላት። አንቺ አንድ አምፖልና የስልክ ቻርጀር ነው ያለሽ። ምጣድ እንዳታስገቢ ከልክላ የራሷን ምጣድ ግማሽ ታስከፍልሻለች! የፊዚክስ አስተማሪ መቼም ጡረታ አይወጣም፣ ወዲያው ወረቀት አምጪ አለኝ። ምጣድ ሦስት ኪሎዋት ተኩል ያህል ይስባል፤ እሷ ሁለት ሰዓት ስትጋግር 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ያንቺ የ10 ዋት አምፖል በየማታው አምስት ሰዓት ቢበራ ያንን ለመጨረስ 140 ቀን ይፈጅበታል። በአንድ ጋገራ አራት ወር ተኩል። ታሪፉ ደግሞ ከ2017 መስከረም ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ነው። ምጣዱ ካልተፈቀደልሽ መብራቱን ሲሶ እከፍላለሁ በያት። ይሄ ነውር የለውም።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ላጫውትሽ።

በ1978 አባትሽ መቱ ተመድቦ ነበር፣ ኢሉባቦር። ገና እንደተጫጨን ደብዳቤ ይጽፍልኝ ነበር። «ቤቴ ሙሉ ነው፣ ምንም አይጎድልሽም» ይል ነበር። የ347 ብር ደሞዝተኛ ነበር፤ ያኔ የዲፕሎማ አስተማሪ ሲባል ደግሞ ሰው ያከብር ነበር። አመንኩ። ከሠርጉ በኋላ መሶቤን ታቅፌ፣ በአውቶቡስ ስንገላታ ሰንብቼ ደረስኩ። በሩን ሲከፍት አንዲት ክፍል። የሽቦ አልጋው ከትምህርት ቤቱ በውሰት ነው። አንድ የላምባ ምድጃ፣ ክሩ ያለቀ። ሙሉ ያለው ዝናቡን ነው መሰለኝ። መቱ ሲዘንብ ታውቂያለሽ፣ ነግሬሻለሁ። እኔ የቢቸና ማኛ የለመድኩ፣ እዚያ ጤፍ ባገኘን ቀን እንደ በዓል ነበር የምንቆጥረው።

አልተጣላሁትም። ግን እኔም ለእናቴ «ሁሉ ሙሉ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ምን ልበል? ሠርጉን ደግሳ፣ ጥጃ ሸጣ። እናቴ ደስ አላት። ደስ ሲላት ምን አደረገች? «እንግዲያማ ወንድምሽ እዚያው ከናንተ ጋር ይማር» ብላ አጎትሽን ላከችው። አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። መዋጮው ተቆራርጦ በተረፈው ለሦስት ሆንን።

ልጅ ነው ትያለሽ፣ ግን ሁሉን ያያል። ገበታ ላይ ቶሎ ብሎ «ጠገብኩ» ይላል። ደብተር ሲያልቅበት አይጠይቅም። ባለፈው ዓመት ደብተሩ ጠርዝ ላይ፣ በዳርና በዳር፣ ጽሑፉን አጥብቦ ይጽፋል። አንድ ቀን ያንን ደብተር አገላብጬ አየሁት። ማግስቱን ቡና የጫነ መኪና ላይ ተሳፍሮ ሄደ። ስምንተኛ ክፍል ነበር። ረዳት ሆነ፣ ኋላ ሹፌር ሆነ። አሁን እንደምታዪው ነው፤ ልጆቹን አስተምሯል፣ ቤት ሠርቷል። በየፋሲካው ግን ዶሮው ሲቀርብ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ። «አንቺ ቤት እኮ አንድ ቀን ጠግቤ አላውቅም!» ይልና ይስቃል። እናንተ ሁላችሁ ትስቃላችሁ። እኔ ያን ጊዜ ለምን ወደ ጓዳ እንደምገባ ጠይቀሽኝ አታውቂም።

ስለዚህ «ሙሉ ነው» አትበይኝ። ሲጎድል ጎደለ በይ። ታናሽሽ ዘንድሮ 12ኛን ይፈተናል። ካለፈ አዲስ አበባ እሷ ጋ ይደር እያለ ነው አባትሽ። «እህቱ በየወሩ 3 ሺህ የምትልክ ልጅ፣ እሱን ማሳደር ያቅታታል?» ይላል። አየሽ? ያ 3 ሺህ ብር ምን እያወራልሽ እንደሆነ አየሽ? እስከ ጥምቀት እንዳትልኪ።

ዕቁቡን አትውጪ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለ ዕቁብ ጥሩ ነው፤ እጣው ሲደርስሽ ለአዲሱ ቤት ቅድሚያ ይሆንሻል። ፍሪጅ በዱቤ እንዳትገዢ። ለብቻሽ ሆነሽ ምን ልታቀዘቅዢበት? ለልደት፣ ለስንብት፣ ለሠርግ እየተባለ የሚሰበሰበውን ደግሞ እያየሽ። ለለቅሶ አዋጪ፣ ለሠርግ እንደ አቅምሽ፣ ለኬክ ግን «የለኝም» ማለት ልመጂ። የለኝም ማለት ካፈርሽ አዲስ አበባ ራቁትሽን ነው የምታስቀርሽ።

አስቤዛ በየቀኑ ከሱቅ በግማሽ ኪሎ አትግዢ። እኔ የማውቀው አትክልት ተራ ፒያሳ ነበር፤ በኮሮና ጊዜ ጃን ሜዳ ገባ፣ አሁን ሃይሌ ጋርመንት ነው አሉ። ለአንድ ሰው ሽንኩርት ብለሽ እዚያ ድረስ እንዳትሄጂ፣ ታክሲው ይበላሻል። የእሁድ ገበያ ይበቃሻል። ዘይትና ስኳር ከሸማቾች ጠብቂ። ድስትና ሳፋ መርካቶ ምን አለሽ ተራ ውረጂ፤ አዲስ ካልሆነ ብለሽ አትኩሪ። ጾሙ ስለገባ እስከ ገና የሥጋ ሐሳብ የለም፣ ሽሮና ጎመን ነው። እሱንም ቢሆን ምሳ ቋጥረሽ ሂጂ። ማንም አይስቅብሽም። የሚስቅ ካለም ምሳውን የሚከፍልለት አባቱ ነው።

ለገና ባትመጪ አልቀየምሽም። እቀየማለሁ፣ ግን ዝም እላለሁ። መንገዱም እንደ ድሮው አይደለም። ብሩን ለኪራዩ አድርጊው፤ በስልክ እንኳን አደረሰሽ እንባባላለን፤ አባትሽም ያለቅሳል፣ እንደ ልማዱ ጉንፋን ነው ይላል።

መንገዱ ሰላም ከሆነ ቅዳሜ በአውቶቡስ ጆንያ ይደርስሻል። ረዳቱ ይደውልልሻል፣ ስልክሽን እንዳትዘጊ። ሒሳቡን እዚህ ከፍያለሁ፤ ድጋሚ ቢጠይቅሽ እንዳትሰጪው፣ ደረሰኙ እኔ ጋ ነው። ውስጡ 20 ኪሎ ጤፍ አለ፤ ምጣድ እስክታገኚ ለምታስጋግሪላት ሴት በኪሎ ተዋዋያት፣ እንጀራ በነጠላ ከመግዛት ይሻላል። ሽሮው በነጩ ከረጢት ነው፣ በርበሬው በቢጫው፤ አትቀላቅያቸው። በሶው ለጠዋት ነው፣ ሳትበዪ እንዳትወጪ። ድርቆሽ በብዛት አድርጌልሻለሁ፤ ማታ ደክሞሽ ስትገቢ በሽሮ ፈርፍሪው። ውሃ የማይገባበት ደረቅ ቦታ አስቀምጪው፣ እርጥበት ከነካው ይሻግታል። ኑጉ የተቆላ ነው።

ማሩ በአምስት ሊትር ጀሪካን ነው። ግማሹን ለአከራይሽ ስጫት፣ የመብራቱን ነገር ስታነሺባት። ጀሪካኑን ግን አጥበሽ በዚያው አውቶቡስ መልሺ፤ የጎረቤታችን ነው፣ ሁለቴ ጠይቃኛለች።

እናትሽ