የክበባት ዘገባ፦ የቪዲዮ እድሳት ክበብ

ባሕር ዳር ውስጥ የሠርግና የጥምቀት ካሴት ያልተቀመጠበት ቤት ጥቂት ነው፤ የሚያጫውተው ዴክ ግን እየጠፋ ነው። የክበቡ የዘንድሮ ሥራ እነዚህን ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር ማስገባት፣ ማጽዳትና በዲቪዲ ማስቀመጥ ነበር። ሙያው በመማሪያ መጽሐፍ ስለሌለ አባላቱ የሚማሩት ከካሴቱ አሥር ሰከንድ ቆርጠው አንድ ነገር ብቻ በመቀየር፣ ከዋናው ጎን በማየትና በደብተር በመመዝገብ ነው። ሁለት ነገር አንድ ላይ የቀየረ የትኛው እንዳበላሸበት አያውቅም።

የሐይቁ እርጥበትና ክረምቱ ካሴት ላይ ሻጋታ ያወጣሉ። በካሴቱ መስኮት በኩል በክሩ ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት ከታየ ዴክ ውስጥ አይገባም፤ ሻጋታው ምስሉን ከክሩ ላይ በሚያነበው የዴኩ ክፍል፣ በሄዱ ላይ ተጣብቆ ወደ ቀጣዩ ካሴት ይተላለፋል። ሄድ የሚጸዳው በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮልና ክር በማይለቅ ስስ ቆዳ ነው። ቆዳውን ሳያንቀሳቅሱ ሄዱ በተገጠመበት በሚሽከረከረው ከበሮ ላይ አስደግፎ ከበሮውን በእጅ ቀስ አድርጎ ማዞር ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች መፈግፈግ የሄዱን ጫፍ ይሰብራል። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ውሃ ስላለበት ቶሎ አይደርቅም።

ከሁሉ የሚበልጠው ቅጂው ነው። እዚያ ላይ ያልተያዘውን በኋላ የትኛውም ሶፍትዌር አይመልሰውም። የምንቀዳው በኤስ ቪዲዮ ገመድ ወይም በቢጫው ገመድ፣ በ720 በ576 መጠን፣ ድምፁን በ48,000 ኸርዝ ነው። ምስሉን ሳያጎድል በሚያምቀው ሃፊዩቭ አንድ ሰዓት ከ30 እስከ 40 ጊጋባይት ይወስዳል። በምንቀዳበት ፕሮግራም፣ ቨርቹዋልደብ ላይ የወደቁ ፍሬሞች (ሳይያዙ ያለፉ ነጠላ ምስሎች) ቁጥር ከጨመረ ድምፁ ቀስ በቀስ ከአፍ እንቅስቃሴ ይለያል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የተወላገደ የካሴት ሲግናል ወይም ከጀርባ የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም ነው።

ብዙ አባላት የተቸገሩት በፊልድ ነው። ካሴቶቹ የተቀረጹበት የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ ፓል፣ በሰከንድ 25 ፍሬም አለው፤ እያንዳንዱ ፍሬም በተለያየ ቅጽበት የተቀረጹ ሁለት ፊልዶች ናቸው፣ አንዱ ጎዶሎ (1፣ 3፣ 5...) ሌላው ተጋማሽ (2፣ 4፣ 6...) ቁጥር መስመሮችን የያዘ። ስለዚህ ኮምፒውተር ላይ የእስክስታ ትከሻ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጠቃል። ጥፋት አይደለም፤ ዲቪዲ እንዲያው ይቀበለዋል። ለስልክ ከሆነ ግን ፊልዶቹን ወደ ሙሉ ምስል የሚቀይረው ኪውቲጂኤምሲ የተባለ ማጣሪያ በሰከንድ 50 ሙሉ ፍሬም ያወጣል። ትከሻው ወደፊት ሄዶ ወደኋላ እየተመለሰ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የፊልዱ ቅደም ተከተል ተገልብጧል ማለት ነው። ከምስሉ ግርጌ የሚታየውን የተቀደደ ስምንት አሥር መስመር ቆርጦ ምስሉን መለጠጥ ፊልዶቹን ያቀላቅላል፤ በጥቁር መሸፈን ይበቃል።

ምስሉ ላይ የሚርመሰመሰውን ነጠብጣብ፣ ማለትም ብናኙን ለማጽዳት ቀለሙ ላይ ጠንከር፣ ብርሃኑ ላይ ለዘብ ማለት ይሻላል። ሲበዛ ፊት ሰም ይመስላል፣ የነጠላው ጥለትም ይጠፋል። ትንሽ ብናኝ ያለበት ጥለት፣ ጥለት ከሌለው ንጹሕ ነጠላ ይሻላል።

ሰው ሁሉ የሚቸኩለው ለዲቪዲው ሜኑ ነው፤ ስሌቱ ግን ይቀድማል። የዲቪዲው 4.7 ጊጋባይት ኮምፒውተር ላይ 4.38 ሆኖ ይታያል። በቢት ሲሰላ 37.6 ቢሊዮን ነው፤ ለ120 ደቂቃ፣ ማለትም ለ7,200 ሰከንድ ሲካፈል በሰከንድ 5,200 ኪሎቢት ገደማ ይደርሳል። ከዚያ ለድምፅ 192 ተቀንሶ፣ ትንሽ መጠባበቂያ ተትቶ ለምስሉ 4,800 ይያዛል። ጣና ላይ ታንኳ የሚቀዝፍበት ቀረጻ ለዚህ ክፉ ፈተና ነው፤ ሞገዱ በየፍሬሙ ስለሚለወጥ ውሃው በካሬ በካሬ ይሰባበራል። መፍትሔው በሁለት ዙር ማመቅና ጣሪያውን 8,000 ማድረግ ነው። የዲቪዲ ደንብ 9,800 ቢፈቅድም አሮጌ ማጫወቻዎች በተቃጠለ ዲስክ ላይ ይንተባተባሉ።

ሜኑውን በምንሠራበት ፕሮግራም፣ ዲቪዲስታይለር ላይ የግእዝ ፊደል ቀጭን ከሆነ አግድም መስመሩ በአንዱ ፊልድ ብቻ ስለሚወድቅ ቴሌቪዥን ላይ ይርገበገባል፤ ወፍራሙንና ተለቅ ያለውን መምረጥ፣ ጽሑፉንም ከጠርዝ ማራቅ ነው። ቪዲዮው በየአንድ ጊጋባይቱ መከፋፈሉ ስህተት ስላልሆነ ፋይሎቹን እንደገና መሰየም አያስፈልግም። ዲስኩ በ4 ወይም በ8 እጥፍ ፍጥነት ይቃጠላል። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ዲስኩ ቀረ፤ ስለዚህ ልምምዱ በሚደመሰሰው ዲስክ ላይ ነው።

በመስከረም ካሴት የምታመጡ ወላጆች፣ ነጭ ዱቄት ያለበትን በፌስታል ለይታችሁ አምጡልን፤ ቤት ባለው ዴክ አትሞክሩት።